የትንፋሽ ችግር ያለባት አመልካች

ውጭ አገር ለመማር ያመለከተ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ወይ በእንባ ይጀምራል ወይ በፈጣሪ ምስጋና። እኔ በባጃጅ ልጀምር። ሕይወቴን የቀየረው ነገር የሆነው ሲሪንቃ ላይ፣ ሞተሩ በጠፋ ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ሌላ ቦታ ነው የሆነው ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ምስክሮች አሉ።

ያኔ መርሳ ላይ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ስሜ ትርንጎ፣ የአባቴ አራጌ ነው። የአባቴን ስም ያዙልኝ፤ በኋላ ጣጣ ያመጣል።

ለማስተርስ ትምህርት ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለቴም ወድቄ ነበር። ፈረንጅ ሲከለክል አያስታውቅም። የመጀመሪያው መልስ ሲደርሰኝ ማመልከቻዬን በማንበባቸው እንዴት እንደተደሰቱ፣ ምን ያህል እንደተደነቁ ከላይ ጀምረው ሲዘረዝሩ እኔ ግማሹ ላይ እልል ብያለሁ። ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን ደስ አለሽ» እያለኝ ነው «ይሁን እንጂ» የምትለው ቃል ላይ የደረስኩት። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ከታች ወደ ላይ ነው የማነብ።

ሦስተኛው ግን የመጨረሻዬ ነበር። ወጪውን የሚሸፍነው ድርጅት ከመጀመሪያ ዲግሪው ብዙ ዓመት ያለፈውን ሰው አይቀበልም፤ እኔ ደግሞ ጫፉ ላይ ቆሜያለሁ። ከዚህ በኋላ በቃ፣ በሩ ዝግ ነው።

ላጠናው የፈለግኩት አቀንጭራን ነው። የማታውቁት ካላችሁ፣ አቀንጭራ ማሽላ ውስጥ የሚበቅል አረም ነው። አበባው ያምራል። ከመሬት በታች ግን ከማሽላው ሥር ላይ ተለጥፎ ምግቡን ይመጠምጣል፤ ማሽላው ቆሞ ይደርቃል። የእኛ ቤት ያለው ጉባ ላፍቶ ደጋው ላይ ቢሆንም አባቴ ቆላ ውስጥ የማሽላ መሬት አለው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎንበስ ብሎ በእጁ ሲነቅል ይውላል፤ ጨርሶ ዞር ሲል ከኋላው ሌላ ብቅ ብሏል። ልጅ ሆኜ መሬቱ የአቀንጭራ እርሻ፣ ማሽላው ደግሞ አረሙ ይመስለኝ ነበር።

ሆላንድ ውስጥ ይህንኑ የሚያጠና ፕሮፌሰር አገኘሁና አመለከትኩ። በዚህኛው ጊዜ ደብዳቤውን ከታች ሳነብ «ይሁን እንጂ» የለበትም። በኢንተርኔት ለቃለ መጠይቅ ቅረቢ ይላል።

ልምምዱን የሰጠኝ ሙሉጌታ ነው፤ አብሮኝ የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መምህር። ሙሉጌታ በፈረንጅ ተጠይቆ አያውቅም፤ ስለ ፈረንጅ ጥያቄ ግን የማያውቀው የለም።

«ሲያወሩ ዝም ብለሽ እንዳታዳምጪ» አለኝ። «ለእነሱ ዝምታ እንቅልፍ ነው። እየሰማሽ መሆንሽን አሳያቸው። በየመሃሉ ተቀበያቸው።»

«እንዴት አድርጌ ነው የምቀበላቸው?»

«ሰው እንዴት ነው የሚቀበለው? እንደ ሰው ነዋ! ሌላው ደግሞ፣ መልእክት ከላኩልሽ ሳትውይ ሳታድሪ 'ስለ መልእክታችሁ አመሰግናለሁ' ብለሽ መልሺ። ጨዋነትን በፍጥነት ነው የሚለኩት።»

ሁለቱም ምክሮች ቀላል መሰሉኝ። የወሎ ልጅ ሰው ሲያወራ መቀበልና ማመስገን አይቸግራትም። አንባቢዎቼ፣ እነዚህን ሁለት ምክሮችም ከአባቴ ስም ጋር አብራችሁ ያዙልኝ።

ዋዜማው ላይ አባቴ ከደጋ ወርዶ መርሳ ቤቴ ከተፍ አለ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዟል። ቃለ መጠይቅ ምን እንደሆነ በስልክ ነግሬው ስለነበር በራሱ መንገድ ተረድቶታል።

«ሽማግሌ ፊት ልትቀርቢ አይደል?» አለኝ። «ሴት ልጅ ብቻዋን ሽማግሌ ፊት አትቀርብም። ኋላ ሰው የላትም ይላሉ።»

በማግስቱ ጠዋት መርሳ መብራት ጠፋ። ረፋድ ላይ ኔትወርኩም ተከተለው። ወልድያ ሁለቱም አለ ሲሉኝ አባቴን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የሚኒባሱ ረዳት «ሁለት ሰው ብቻ! ሁለት ሰው የቀረው ወልድያ!» እያለ ይጣራል። ወደ ውስጥ ሳይ የተቀመጠው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ እሱም የተኛበት ሁኔታ ከጠዋት ጀምሮ እንደተቀመጠ ያስታውቃል።

ሰይድን ያየሁት ያኔ ነው። መርሳ ላይ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ልጆቹን አስተምሬለታለሁ።

«ሰይዶ፣ ወልድያ አድርሰኝ።»

«በባጃጅ?»

«ሌላ መኪና አለህ እንዴ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለና አባቴን አየ። «ግቡ አባት፣ በቀኝ በኩል ይግቡ። የግራው ስፖንጅ ሞቷል።»

ስልኬን በባጃጁ ጎን አውጥቼ ወደ ሰማይ ዘርግቼ ሄድን። መንገድ ላይ ያየኝ ሰው ምን እንዳሰበ አላውቅም። ሲሪንቃ ስንደርስ፣ ከመንገዱ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ከሚሸጥበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ስልኬ ተንጫጫ፤ የጠዋቱ መልእክት ሁሉ ባንዴ ገባ።

«ቁም!» ብዬ ጮህኩ። ሰይድ ፍሬኑን ሲይዘው የአባቴ ባርኔጣ የፊት መስታወቱን መታ።

ሰዓቱ ደርሷል። ወልድያ እስክንገባ ያልፋል። ሰይድ ግን አልተጨነቀም።

«አብሽሪ ቲቸር» አለኝ። «ኔትወርክ እንደ ሚዳቋ ነው። ካየሽው አትነቃነቂ።»

ባጃጁን ከመንገዱ አስወጥቶ ሞተሩን አጠፋ። አባቴ ወርዶ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ሰው መጥቶ እንዳይረብሸኝ ዘብ መቆሙ ነው። ሰይድን ከፊት ወንበሩ ማስነሳት አፈርኩ፤ ባጃጁ የሱ ነው።

«ድምፅ እንዳታሰማ» አልኩት።

«እንደሌለሁ ቁጠሪኝ» አለና መስታወቱን ወደ እኔ አዞረው።

ማዳመጫዬ ከተበላሸ ቆይቷል። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ደወልኩ። ከወዲያ በኩል ሁለት ሰዎች አሉ፤ ፕሮፌሰሩና አና የምትባል ሴት። የእሷ ሥራ የተማሪዎችን ደህንነት መከታተል ነው። ለእንዲህ ያለ ነገር ደሞዝ የሚከፈለው ሰው መኖሩ ያን ቀን ነው የገባኝ። ድምፁ እንዳይቆራረጥ ካሜራሽን ዝጊው አሉኝ፤ ዘጋሁ።

«ሚስ አራጌ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለ ፕሮፌሰሩ። ለእነሱ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው። ላርመው አሰብኩና ምን ይጎዳኛል ብዬ ተውኩት።

ስለ አቀንጭራ ጠየቀኝ። አንባቢዎቼ፣ መቼም ራስን ማመስገን ደግ አይደለም፣ ግን በጣም ጥሩ መለስኩ። ሰይድ እንኳን አንድም ቃል ሳይገባው በመስታወቱ ውስጥ ቅንድቡን ከፍ አደረገልኝ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ስለ ራሱ ምርምር ማብራራት ጀመረ። እዚህ ላይ የሙሉጌታ ምክር ትዝ አለኝና አረፍተ ነገር በጨረሰ ቁጥር ተቀበልኩት። ጠቃሚ ነገር ሲናገር ጠንከር አድርጌ ተቀበልኩት።

መሃል ላይ ቆመ።

«ሚስ አራጌ፣ ደህና ነሽ?»

ደህና መሆኔን ገለጽኩለት። ቀጠለ። እኔም መቀበሌን ቀጠልኩ። እንደገና ቆመ።

«ውሃ ብትጠጪ እንጠብቅሻለን።»

ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ከአባቴ ጠርሙስ ጠበል ተጎነጨሁና «ጠጥቻለሁ» አልኩ።

አሁን አና ገባች። «ያለሽበት ቦታ ሰላም ነው?» አለችኝ። በዜና የእኛን አካባቢ ስም የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ አልገረመኝም። ሰላም መሆኑን ገለጽኩ።

«አጠገብሽ ሰው አለ?»

መስታወቱን ሳይ ሰይድ ያየኛል። መኖሩን ገለጽኩ።

«ማን ነው?»

«ሾፌሩ ነው።»

«ወዴት እየወሰደሽ ነው?»

«ወደ ወልድያ ነበር። ግን እዚህ መንገድ ላይ አቆመኝ።»

«እንዲያቆም ፈልገሽ ነበር?»

«አይ፣ ወልድያ መድረስ ነበር የፈለግኩት። ግን ምርጫ አልነበረኝም።»

የኪቦርድ ድምፅ ተሰማኝ። ቆራጥነቴን እየመዘገቡልኝ መሰለኝ። ከዚያ አና አንድ ነገር ጠየቀች፤ ኔትወርኩ መሃሉን ቆረጠው፣ «ሰውየው» የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት። ድገሚልኝ ብላት እንግሊዝኛ አይገባትም ትላለች ብዬ ፈራሁና እንዲሁ ተቀበልኳት።

አሁን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሚስ አራጌ፣ በነፃነት መናገር ትችያለሽ?»

ይህችኛዋ ጥያቄ የቋንቋ ችሎታዬን የምትመለከት መስላኝ ነበር። ጉራ እንዳይሆንብኝ ትሕትና አበዛሁበት።

«ትንሽ ይከብደኛል» አልኩ። «ግን እየሞከርኩ ነው።»

«ሚስ አራጌ!» አለ ፕሮፌሰሩ ጮክ ብሎ። «አራጌ! ትሰሚኛለሽ?»

«አቤት!» የሚል ድምፅ ከዛፉ ሥር ተሰማ።

አባቴ ዱላውን ይዞ ወደ ባጃጁ መጣ። «ማነው እኔን የሚጠራኝ?»

«አባየ፣ እርስዎን አይደለም፣ እኔን ነው።»

«አራጌ አለ እኮ! በጆሮዬ ሰማሁ!» አንገቱን በባጃጁ ጎን አስገብቶ ወደ ስልኩ ጮኸ። «ማን ነህ አንተ? ምን ፈልገህ ነው?»

መስመሩ ተቋረጠ።

ሦስታችንም ስልኩን አየነው። መጀመሪያ የተናገረው ሰይድ ነው።

«ጥሩ ነበር ወላሂ።»

«ምኑ ገባህና ነው?»

«ምንም አልገባኝ። ግን አንድም ቦታ አልቆምሽም።»

ወዲያው መልእክት ገባ። ኔትወርኩ የከፈተልኝ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው፦ «ሚስ አራጌ፣ ስለ አንቺ በጣም ተጨንቀናል።» እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው! ሳልውል ሳላድር «ስለ መልእክታችሁ አመሰግናለሁ» ብዬ ላክሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ቀሪው ተከፈተ። እንዲህ ይላል፦ «አደጋ ላይ ከሆንሽና እንደ ልብሽ መጻፍ ካልቻልሽ፣ አመሰግናለሁ ብለሽ ብቻ መልሺልን። እኛ ይገባናል።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ከታች ወደ ላይም አነበብኩት። ለሁለቱም ተረጎምኩላቸው።

«ምን አደጋ ገጠመሽ?» አለ አባቴ።

«ምንም።»

«ታዲያ ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ መሰለኝ።»

ሰይድ ከወንበሩ ዞረና «ቲቸር» አለኝ፣ «አደጋው እኔ ነኝ እንዴ?»

ስልኩ ጠራ። አሁን ካሜራውን ክፈቺ አሉኝ። ስከፍተው ፕሮፌሰሩና አና ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው አንድ ወፍራም ሰው ስልክ ጆሮው ላይ ይዞ ቆሟል። እሱን ሳይ የሆነውን ነገር አላወቅኩም፤ ማለቁን ግን አወቅኩ። ያ ሁሉ ዓመት፣ በሻማ ያጠናሁት ፈተና፣ አዲስ አበባ ድረስ ተጉዤ የተፈተንኩት እንግሊዝኛ፣ ሁሉም ባጃጅ ውስጥ አለቀ። የሚያለቅስ ሰው ፊት እንዳይታይብኝ ጥርሴን ነከስኩ።

«ካሜራውን አዙሪና ሰውየውን አሳዪን» አለች አና።

ወደ ሰይድ አዞርኩት። ሰይድ ፀጉሩን አስተካከለና መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ለካሜራው አሳየ። ማንም አልጠየቀውም። ሰው ቆጣ ብሎ ካየው መንጃ ፈቃድ ማውጣት ልማዱ ነው።

ከዚያ ወደ አባቴ አዞርኩት። «ይህ አባቴ ነው። አራጌ ማለት እሱ ነው» አልኩ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ።

«ልጅህ ደህና ናት ወይ ብለሽ ጠይቂልን» አለች።

«አባየ፣ ልጅዎ ደህና ናት ወይ ይላሉ።»

አባቴ ደህና መሆኔን ገለጸላቸው።

አና አፏን በእጇ ያዘች። ፕሮፌሰሩ ከወንበሩ ተነሳ። «እሱም! እሱም አለበት! እዚያ ጭስ አለ? ጋዝ ይሸታችኋል? ሁላችሁም ከተሽከርካሪው ውረዱ!»

«ከባጃጁ ውረዱ ይላሉ» አልኩ። ሰይድ ታዛዥ ሰው ነው፣ ወረደ።

«ምን አለብን?» አልኩ ፕሮፌሰሩን።

«ትንፋሻችሁ! ከቅድም ጀምሮ ትንፋሽ እያጠረሽ ነው!»

ወደ አባቴ ዞርኩ። «አባየ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል እንዴ?»

«እኔን?» አለ አባቴ። ቅሬታው ከፊቱ ይነበባል። «ኸደጋ ቆላ በእግሬ የምወርደውን? እሱ ይምጣና አቀበቱን እንሞካከር!»

«ሰይዶ፣ ትንፋሽ ያጥራችኋል ነው የሚሉን። ይገርምሃል?»

ሰይድ መገረሙን ገለጸ።

እዚያ ላይ ነው የሰማሁት። ተወልጄ፣ አድጌ፣ ተምሬ፣ አስተምሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። አጭር ናት፤ ወደ ውስጥ ሳብ የምትደረግ ትንፋሽ። አፍ ትንሽ ይከፈታል፣ አየሩ ይገባል፣ አለቀ።

አንባቢዎቼ፣ አጠገባችሁ ሰው ካለ እስቲ «በልተሃል?» ብላችሁ ጠይቁትና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። «አዎ» የሚለው ቃል ለመዝገበ ቃላት ነው እንጂ እኛ የምንለው እሷን ነው። ፊደል የላትም። ስም እንኳን አላወጣንላትም። ከላይ «ገለጽኩ»፣ «ተቀበልኩ» እያልኩ የጻፍኩት ሁሉ እሷ ናት። ለአክብሮት ስንል ደግሞ ጠንከር እናደርጋታለን፤ እኔ ፕሮፌሰሩን በጣም ነበር ያከበርኩት።

«ፕሮፌሰር» አልኩ፣ «ይህ በእኛ አገር 'አዎ' ማለት ነው።»

ፕሮፌሰሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ወይም ደግሞ 'እየሰማሁ ነው'።»

«ሁለቱንም?»

ልገልጽለት ስል ራሴን ያዝኩና በአፌ «አዎ» አልኩ።

አና ገና አልጨረሰችም። «ቅድም ሰውየው በግድ ይዞሻል ወይ ብዬ ስጠይቅሽስ?»

«እየሰማሁ ነበር» አልኩ።

«አመሰግናለሁ ብለሽ የላክሽውስ?»

«እሱ አስተዳደጌ ነው።»

አና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ቀና ስትል ግን «አባትሽን አንድ ጊዜ እንደገና ጠይቂልኝ፣ ልጅህ ደህና ናት?» አለች።

ጠየቅኩት። አባቴ ትዕግሥቱ አልቋል። «ቅድም አዎ አልኩ እኮ!» አለ። «ጆሮ የላቸውም እንዴ?»

ከኋላ የቆመው ሰው ስልኩን ከጆሮው አነሳ። የት ሊደውል እንደነበር እስካሁን አልጠየቅኩም።

ፕሮፌሰሩ ግን አልሳቀም። ሰዓቱን አየ። «ሚስ አራጌ፣ ጊዜሽ አልቋል። ሌላ አመልካች እየጠበቀ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ። ባንቀበልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ከሙሉጌታ ጋር ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀነው መልስ ነበረን፤ «ተስፋ ሳልቆርጥ» የሚል አለበት። ጠፋብኝ። አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ያየኛል። ምን እንደተጠየቅኩ አልገባውም፣ ከፊቴ ላይ ግን አንብቧል።

«ነገ ጠዋት ገብቼ አስተምራለሁ» አልኩ። «ክረምት ሲመጣ ይህ ሰው እንደ አምናው ጎንበስ ብሎ አቀንጭራ ይነቅላል። እኔም እረፍት ሲሆን አብሬው እነቅላለሁ። ስንጨርስ ዘሩ አፈር ውስጥ ሆኖ ይጠብቀናል፤ ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ተምሬ መጥቼ አጠፋዋለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ከእኛ ጋር አብሮ የሚበላው ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ፕሮፌሰሩ «እናሳውቅሻለን» አለ። ስልኩ ተዘጋ።

አባቴ ምን እንዳሉ አልጠየቀኝም። የጠርሙሱን ክዳን ከፈተና የተረፈውን ጠበል መጀመሪያ እኔ ላይ፣ ቀጥሎ ስልኩ ላይ ረጨው። ሰይድ «አሚን» አለ። የስልኩ ድምፅ ማውጫ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይንኮሻኮሻል።

ወልድያ መሄዱ ትርጉም ስላልነበረው ወደ መርሳ ተመለስን። ሰይድ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም፤ ሳምንት ሳይሞላ መርሳ ሁሉ ሰማ። ከባጃጁ ጀርባ ላይ «ትንፋሽ» ብሎ አስጻፈ። እስከ ውርጌሳ ድረስ የሚያውቁኝ ሾፌሮች ሲያዩኝ አየር ወደ ውስጥ እየሳቡ ያልፋሉ። ሙሉጌታ ምክሩ ያመጣብኝን ጣጣ ስነግረው «እኔ እንደ ሰው ተቀበይ ነው ያልኩሽ» ብሎ ካደ።

ምን ተቀየረብሽ ትሉኝ ይሆናል። ጆሮዬ ነው የተቀየረው። ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ስል ተማሪው ሁሉ ባንዴ ይስባል፤ ለእኔ የሚተርፍ አየር ያለ አይመስለኝም። ቅዳሜ ገበያ፣ ባንክ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ በየሄድኩበት እሰማታለሁ። ያንን ሁሉ ዓመት ራሴን ሳዘጋጅ ከንግግሬ ላይ መርሳ መርሳ የሚሸተውን ሁሉ ያጠብኩ መስሎኝ ነበር። እሷን ግን መኖርዋን ሳላውቅ እንዴት ልጠባት?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ አፍሬባት ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን እየጠየቅኩ በአፌ «አዎ» ማለትን ስለማመድ አባቴ ደረሰብኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አዎ ማለት እየተማርኩ ነው አባየ።»

በሩ ላይ ቆሞ አሰበበት። «ተይው ልጄ» አለኝ። «ኸወሰዱሽም ኸነትንፋሽሽ ይውሰዱሽ።»

ተውኩት። ከዚያ ወዲያ የጨነቀኝ መልሱ ብቻ ነበር። በልምምድ የሚያምን ካለ ግን ይህን ልምከረው፦ ፈረንጅ ፊት «አዎ»ን በአፍህ በል፣ ደብዳቤ ሳትጨርስ አታመስግን፣ አባትህን ደግሞ ትንሽ ራቅ አድርገህ አስቀምጠው።

ጥሪው የመጣው የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። ካሜራ የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ፕሮፌሰሩ ነበር። ስለ አየሩ ጠየቀኝ። ስለ አባቴ ጠየቀኝ። ስለ ሾፌሩ ጠየቀኝ። እኔ እስክሪብቶው ከእጄ ወድቆ አላነሳሁትም። ሙሉጌታ ማረሙን ትቶ ያየኛል።

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። «ፕሮፌሰር፣ እባክዎ ይንገሩኝ» አልኩ። «ተቀበላችሁኝ?»

በሚንኮሻኮሸው ስልኬ ውስጥ ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋበት ሰው የሚያወጣው ዓይነት። ደነገጥኩ። ሰውየው በዕድሜ የገፋ ነው፤ ልቡ ይሆናል አልኩ።

«ፕሮፌሰር!» ብዬ ጮህኩ። «ደህና ነዎት? አጠገብዎ ሰው አለ?»

አሁን ቀስ ብሎ፣ እንዳይሳሳትብኝ ተጠንቅቆ፣ ትንፋሹን እንደገና ወደ ውስጥ ሳበ።